አንድ ቁልፍ፣ 245 ሚሊዮን ዶላር፦ የፎርትናይት ጉዳይ

ልጅ ያላቸው ወዳጆቼ ስለ ጌም ሲያወሩ ወሬው ሁሌ አንድ ቦታ ያርፋል። «ልጁ ሱስ ይዞታል።» «ካርዴን ጠራርጎ ጨረሰብኝ።» ጥፋቱ የልጁ ነው። የልጁ ካልሆነ ደግሞ ያልተቆጣጠረው ወላጅ ነው። ስክሪኑን የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አልሰማም። ያ «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ለምን እዚያ ሆነ? ማን አስቀመጠው? ሲያስቀምጠውስ ምን አስቦ ነበር?

ይህ ጥያቄ በደንብ የተጠየቀበት አንድ ጉዳይ አለ። መልሱም በሰነድ ወጥቷል። የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጌሙን ግን እዚያው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ልጆቻችንም፣ አዲስ አበባ ያሉትም ያውቁታል። ፎርትናይት ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጉዳዩ ያለቀው በስምምነት ነው። ፍርድ ቤት ማስረጃ መርምሮ ጥፋተኛ ብሎ አልፈረደም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሳሹ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ በክሱ ላይ ያሰፈረውን ነው። በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም አልጠራም። ለትምህርቱ ስማቸው አያስፈልግም።

ነጻው ጌም ገንዘብ የሚያገኘው ከየት ነው?

ፎርትናይት በ2017 ወጣ። የሠራው ኤፒክ ጌምስ ይባላል፤ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ኬሪ ከተማ ያለ ኩባንያ ነው። ዓለም የሚያውቀው የጌሙ ክፍል በነጻ ነው። 100 ተጫዋቾች አንድ ደሴት ላይ ይወርዳሉ። ይዋጋሉ። መጨረሻ ላይ የቆመው ያሸንፋል። ክሱ በወጣበት ጊዜ ከ400 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው።

ገንዘቡ የሚመጣው ጌሙ ውስጥ ካለው ሱቅ ነው። ሱቁ ልብስ ይሸጣል፤ ልጆቹ ስኪን ይሉታል። ዳንስም ይሸጣል። ልብሱ ለማሸነፍ አይረዳም። አይረዳም ብሎ መናቅ ግን ስህተት ነው። በእንቁጣጣሽ ቀን አዲስ ልብስ ሳይለብስ ሰፈር የወጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቃለን። ፎርትናይት ውስጥ ምንም ያልገዛ ልጅ ጌሙ በነጻ የሚሰጠውን ልብስ ለብሶ ይገባል። እንዲህ ላለው ልጅ ተጫዋቾቹ ስም አውጥተውለታል፤ «ዲፎልት» ይሉታል። ስድብ ነው።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ዶላር የለም። ቪ-ባክስ የሚባል የጌሙ ገንዘብ ነው ያለው። መጀመሪያ አካባቢ 1,000 ቪ-ባክስ 9.99 ዶላር ነበር። አንዱ ልብስ ደግሞ 1,200 ቪ-ባክስ ይላል። ስለዚህ 1,000ውን ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። 800 ይተርፋል። ያ 800 ወደ ዶላር አይመለስም። ሰፈር ያለው ባለሱቅ «ዝርዝር የለኝም፣ ማስቲካ ልስጥህ?» ሲል የሚሆነው ነገር ነው። ባለሱቁ ግን ዝርዝር ያጣው የእውነት ሊሆን ይችላል። እዚህ የጥቅሉን ልክ የቆረጠውም፣ የልብሱን ዋጋ ያወጣውም ያው አንዱ ነው።

ቁልፉ

የጉዳዩ ልብ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ቆም ልበል።

የ10 ዓመት ልጅ ጆይስቲክ ይዞ ሱቁን ከፈተ እንበል። አንድ ልብስ አየ። ሊገዛ አላሰበም። ሲለበስ ምን እንደሚመስል ማየት ነው የፈለገው። ለማየት የሚጫነውና ለመግዛት የሚጫነው ቁልፍ ግን ጎረቤት ናቸው። አውራ ጣቱ ትንሽ ሳት አለ። አለቀ። ልብሱ ተገዛ። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። አንድ ጊዜ መጫን በቂ ነበር።

ኮሚሽኑ ሌሎችንም ዘርዝሯል። ያንቀላፋውን ጌም ለመቀስቀስ ቁልፍ የነካ ሰው ሳያስበው ተከፍሎበታል። ገጹ ገና እየተጫነ ሳለ የነካም እንደዚያው። የቁልፎቹ አቀማመጥ ግራ የሚያጋባና ወጥነት የሌለው ነበር ይላል ክሱ። ጌም የተጫወተ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ተጫዋች ቁልፍ እያየ አይጫንም። እጁ ነው የሚያውቀው። እጅ የለመደው ነገር ከቦታ ቦታ ሲቀያየር መሳሳት የማይቀር ነው።

እኛ ከምናውቀው ጋር ላነጻጽረው። በቴሌብር 10 ብር ለመላክ እንኳን የሚስጥር ቁጥር እናስገባለን። ስልካችን ላይ ፎቶ ልናጠፋ ስንል «ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቀናል። ለአንድ ፎቶ የተደረገ ጥንቃቄ ለሰው ገንዘብ አልተደረገም።

ካርዱም ሌላ ጣጣ ነበር። ወላጅ ለአንድ ግዢ ብሎ ካርዱን ካስገባ ጌሙ በዚያው አስቀምጦ ይይዘዋል። እስከ 2018 ድረስ ልጁ በዚያ ካርድ ቪ-ባክስ ሲገዛ ከካርዱ ባለቤት ምንም ማረጋገጫ አይጠየቅም ነበር። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ ቪ-ባክስ እንጂ የእናቱ ደሞዝ አይታየውም። ወላጆች ነገሩን ያወቁት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከወጣ በኋላ ነው።

«ስህተት ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይስታል» ይባል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ክሱን ሳነብ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ሠራተኞች ራሳቸው ብዙ ሰው ሳይፈልግ እየተከፈለበት መሆኑን ደጋግመው አንስተዋል። ከመግዛት በፊት ማረጋገጫ የመጨመሩ ነገር ተነስቷል። ያልተጨመረበት ምክንያትም ተጽፎ ተገኝቷል። ማረጋገጫ እንቅፋት ይሆናል፤ ቀላል የማይባል ሰው ቆም ብሎ ግዢውን እንደገና ያስብበታል የሚል ነው።

ሰው እንደገና እንዳያስብ ተፈራ ማለት ነው። ከእናቱ ካርድ ላይ ገንዘብ ሊያወጣ ላለ ልጅ ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

መመለሻው የት ገባ?

እሺ፣ ልጁ ተሳሳተ። ይመልስ።

የገዛኸውን መመለስ ብትፈልግ መጀመሪያ የምትሄደው የገዛህበት ሱቅ ነው። ፎርትናይት ውስጥ መመለሻው ሱቁ ጋ አልነበረም። ሰቲንግ ውስጥ ነበር፤ ድምፅና ብርሃን የሚስተካከልበት ዓይነት ቦታ ማለት ነው። ቢገኝም አንድ ሰው በዕድሜ ልኩ የሚመልሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። የማይመለሱ ዕቃዎችም ነበሩ።

ክሱ ውስጥ በጣም ያስደነገጠኝ እዚህ ቦታ ያለው ነው። ገጹን የሠራው ዲዛይነር መመለሻውን እዚያ ያስገባው እንዳይታይ ብሎ መሆኑን ጽፏል። ከዚያ ሰዎችን ቁጭ አድርገው ሞከሩት። ከሞካሪዎቹ አንድም ሰው አላገኘውም። ዲዛይነሩ ይህንን ለአለቆቹ አሳወቀ። በቀላሉ እንዲገኝ ላድርገው ወይ ብሎም ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ያለበት ቦታ በጣም ጥሩ ነው የሚል ነበር።

እስቲ ይህን ደግመን እናስበው። አንድ ድርጅት በር ሠራ። ሰው በሩን ማግኘት ይችል እንደሆነ ፈተነ። ማንም አላገኘውም። ከዚያ «እንዳለ ይሁን» አለ። ፈተናው ተካሂዷል፤ ውጤቱም ታውቋል። ስለዚህ ይህን ቸልተኝነት ብዬ ልጠራው አልችልም።

ግዢን እዚያው ለመሰረዝ የሚያስችለው ቁልፍም እንደዚሁ ሆነ። መጀመሪያ ሲወጣ በግልጽ የሚታይ ነበር። ሰውም ተጠቀመበት። ቆየት ብሎ አነሰ። ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወረደ። ለመሰረዝ ተጭኖ መቆየት ግድ ሆነ። ለመግዛት ግን መንካት ይበቃ ነበር።

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አሠራር «ዳርክ ፓተርን» ይሉታል። ቃሉን በ2010 ያወጣው አንድ እንግሊዛዊ ዲዛይነር ነው። በቀላል አማርኛ፣ ሰው የማይፈልገውን እንዲያደርግ ወይም የሚፈልገውን እንዳያገኝ ተብሎ የተሠራ ስክሪን ማለት ነው።

ባንክ ጋ የሄደው ሰው

አንዳንዱ ወላጅ ከጌሙ ጋር መከራከሩን ትቶ ባንኩ ጋ ሄደ። «ይህን ገንዘብ እኔ አልፈቀድኩም» አለ። ትክክለኛው መንገድ ነው፤ የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ይህን መብት ይሰጣል።

የተከተለው የልጁ አካውንት መቆለፍ ነው። ልጁ በገዛ ፈቃዱ፣ በልደቱ ብር የገዛው ሁሉ አብሮ ተቆለፈ። አንዳንዱ አካውንት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የወጣበት ዕቃ ነበር። የተከፈተላቸውም ቢሆኑ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ሁለተኛ ባንክ ጋ ከሄዳችሁ ለዘላለም ልትታገዱ ትችላላችሁ ተባሉ።

ይህ በቤት ውስጥ ምን እንደሚፈጥር አስቡት። እናት ገንዘቧን ለማስመለስ ሞከረች። ልጇ ጓደኞቹን ከሚያገኝበት ቦታ ተባረረ። ልጁ የሚያኮርፈው ኩባንያውን አይደለም፤ እናቱን ነው። ስንቱ ወላጅ «ይቅር፣ ገንዘቡ ይበላ» ብሎ እንደተወው መገመት አያቅትም።

ኩባንያው ስለዚህ ጉዳይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅሬታ ከተጠቃሚዎች ደርሶታል ይላል ክሱ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በጎን ሌላ ክስም ነበር። የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ነበር የሚመጣው። ሕፃናት ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ይገናኙ ነበር። ስድብና ማስፈራሪያ የደረሰባቸው አሉ። እዚህም ላይ ሠራተኞች ከ2017 ጀምሮ ቻቱ የፈለገ ብቻ የሚከፍተው ይሁን ብለው ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም። ዘዴው ግን አንድ መሆኑን ልብ በሉ። አብዛኛው ሰው ሰቲንግ አይነካም፤ ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣው ምርጫ የሁሉም ምርጫ ይሆናል።

የተወሰደው እርምጃ

ዲሴምበር 19 ቀን 2022 ኮሚሽኑ ሁለት ስምምነቶችን ይፋ አደረገ። በሕፃናት የግል መረጃ ሕግ ጥሰት 275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት። በዳርክ ፓተርኑ ደግሞ ለተጎዱ ሰዎች የሚመለስ 245 ሚሊዮን ዶላር። በድምሩ 520 ሚሊዮን።

ከገንዘቡ ሌላ ትእዛዝም አለ። ኩባንያው የሰውን ግልጽ ፈቃድ ሳያገኝ ማስከፈል አይችልም። ባንክ ጋ ሄደህ ተከራክረሃል ብሎ አካውንት መቆለፍ አይችልም። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ቻት ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ ይመጣል።

የዳርክ ፓተርኑ ትእዛዝ በማርች 2023 ጸደቀ። በሴፕቴምበር 2023 ኮሚሽኑ ለ37 ሚሊዮን ሰዎች «ካሣ ልትጠይቁ ትችላላችሁ» ብሎ መልእክት ላከ። የመጀመሪያው ክፍያ በዲሴምበር 2024 ወጣ። ከ629 ሺህ በላይ ክፍያ ሲሆን 72 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለአንዱ በአማካይ 114 ዶላር ያህል ደረሰው። በጁን 2025 ሌላ 126 ሚሊዮን ዶላር ተከተለ። ለማመልከት የነበረው ዕድል በጁላይ 2025 ተዘግቷል።

የሠራውና ያልሠራው

ገንዘቡ ሰው እጅ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ክሶች ብዙ ጊዜ በመግለጫ ይቀራሉ። ከገንዘቡ በላይ የወደድኩት ግን ትእዛዙ ስክሪኑን ራሱን መንካቱ ነው። ኩባንያውም አሠራሩን ለውጧል። ለመግዛት ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል። ግዢን እዚያው መሰረዝ ይቻላል። ካርድ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነበር ማለት ነው። ቴክኖሎጂ አልጎደለም።

ያልሠራው ጊዜው ነው። በ2018 የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሲወጣ 15 ዓመት ሞልቶታል። ገንዘቡን ለማግኘትም ማመልከት ያስፈልግ ነበር። «ገንዘብ ይመለስልዎታል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ደግሞ አብዛኞቻችን የሌባ ነው ብለን እናጠፋዋለን። በተለይ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው፣ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች እንዲህ ያለውን መልእክት ተቀምጠው የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም።

ሌላም አለ። ትእዛዙ ያልተፈቀደ ክፍያን ነው የነካው። ሰዓት እየቆጠረ «ሊያልቅ ነው» የሚለውን ሱቅ አልነካም። እሱን በሜይ 2024 የኔዘርላንድስ የሸማቾች ተቆጣጣሪ ነካው። ኤፒክን 1.125 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። አንደኛው ምክንያት ሕፃናትን በቀጥታ «አሁኑኑ ግዛ» ማለቱ ነው። ሁለተኛው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ዜሮ ገብቶም ዕቃው ሱቁ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ልጁ የቸኮለው በከንቱ ነው። ኩባንያው በውሳኔው አልተስማማም። ያም ሆነ ይህ አንዱ አገር ያልደረሰበትን ሌላው ደረሰበት። አንድ ክስ ሁሉንም በር አይዘጋም።

ወደ እኛ ስናመጣው

አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ልጁ በግጥሚያ ይከፍላል። ሳንቲሙ ሲያልቅ ጆይስቲኩን ለተረኛ ይሰጣል። የወጣውን ያውቃል፤ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሰጠው። ወላጅ ስለነዚህ ቤቶች ብዙ ይሰጋል፤ በዚህ በኩል ግን ከስልኩ ይሻላሉ። ስልክ ላይ ያለው ጌም «አለቀብህ» አይልም። «ጨምር» ነው የሚለው።

በጌም ባይሆንም በሌላ መንገድ ነገሩን እናውቀዋለን። በአጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት አለ። ሳናውቀው እንመዘገባለን። በየቀኑ ሒሳብ ይቆረጣል። መግባቱ አንድ ንክኪ ነው፤ መውጣቱ ግን ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። የፎርትናይትን ጉዳይ ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ዕድሌ ነው ብሎ ማለፍ የለበትም። አንድ ሰው መግቢያውን ሰፊ፣ መውጫውን ጠባብ አድርጎ ሠርቶታል።

ሰሞኑን የእህቴን ልጅ አስቀምጬ የሚጫወተውን ጌም አብረን ፈተሽነው። ሌላ ጌም ነው። መጀመሪያ ለመግዛት ስንት ንክኪ እንደሚፈልግ ቆጠርን፤ ሁለት። ከዚያ መልሰው የሚሰጡበትን ፈልግልኝ አልኩት። ጌሙን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ስድስት ደቂቃ ፈለገና ስልኩን አስረከበኝ። «አጎቴ፣ የለም እኮ» አለኝ። ነበረ። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግርጌ ላይ፣ በግራጫ ፊደል። ቁጣም ምክርም አላስፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ራሱ ነው እየቆጠረ የሚነግረኝ። ልጅ ላላችሁ ይህን ሙከራ ከምንም በፊት እመክራለሁ።

ካርድን በተመለከተ፣ ልጅ በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ ካርድ ተቀምጦ አይደር። ውጭ ያላችሁ፣ የተወሰነ ገንዘብ ያለበት የስጦታ ካርድ ግዙለት። ሲያልቅ ያልቃል። ያልፈቀዳችሁት ገንዘብ ከወጣ መጀመሪያ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን ጠብቁ፤ ካልተስማማችሁ ወደ ባንክ ሂዱ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን ጻፉ። ያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅሬታ ኩባንያው ጋ የትም አልደረሰም ነበር። ክሱ ላይ ግን ተቆጥሮ ወጣ።

አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ደግሞ ብዙ ናችሁ፤ በየዓመቱም ትጨምራላችሁ። አንድ ቀን አለቃ መጥቶ «ይህን ቁልፍ ወደ ታች አውርደው፣ ትንሽ አሳንሰው» ይላችኋል። የምክንያቱ መጠሪያ «ገቢ» ይሆናል። ስጋታችሁን በቃል ብቻ አትንገሩት። ጻፉት። የኤፒክ ሠራተኞች ጽፈው ስለነበር ነው ይህ ሁሉ የታወቀው። በወቅቱ የሰማቸው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ግን ኮሚሽኑ ጠረጴዛ ላይ ያረፈው የእነሱ ጽሑፍ ነው።